ሶኬቱ ተነቀለ ማለት ኤሌክትሪኩ ወጣ ማለት አይደለም

የቤታችሁ ሆም ቴአትር ድምፁ ጠፋ እንበል። ሶኬቱን ነቀላችሁ፣ ከኋላ ያሉትን ብሎኖች ፈታችሁ፣ ስልካችሁን አጠገባችሁ አቁማችሁ አንድ የዩቲዩብ ቪዲዮ ከፈታችሁ። «ነቅዬዋለሁ እኮ፣ ምን ይነካኛል?» እያላችሁ ነው። እዚህ ጋ ቆም በሉ። በተነቀለው ሳጥን ውስጥ 310 ቮልት ገደማ ተቀምጦ ሊጠብቃችሁ ይችላል። ግድግዳው ላይ ካለው 220 ቮልት ይበልጣል።

ይህን የምጽፈው ማንንም ለማስፈራራት አይደለም። እንዲያውም ዕቃ ሲበላሽ ከመጣል መጠገን ይሻላል ብለው ከሚከራከሩት ወገን ነኝ። ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ብቻ ሳይሆን ካምባ ሄጄ ስላየሁትም ጭምር ነው። ግን ጥገና ቁጠባ የሚሆነው የጠገነው ሰው በሰላም ከወንበሩ ሲነሳ ነው። ስለዚህ ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ መስመር ነው፤ እኛ ራሳችን ልንሠራው የምንችለው የት ጋ ያልቃል? የባለሙያው ሥራስ የት ጋ ይጀምራል?

ለምን ካምባ?

ካምባን ለማታውቁ፣ በጋሞ ዞን ከአርባ ምንጭ በስተምዕራብ ተራራውን ወጥታችሁ የምታገኟት የወረዳ ከተማ ናት። እዚያ ሆም ቴአትር፣ ብራንዱ ምንም ይሁን ምን ብዙ ሰው «ጂፓስ» የሚለው ዕቃ፣ የሳሎን ጌጥ ብቻ አይደለም። ቅዳሜና እሁድ ኳስ የሚያሳየው ቤት ያለ እሱ ደንበኛ አያገኝም። ፀጉር ቤቱ፣ ሻይ ቤቱ፣ ለሠርግና ለልደት ድምፅ የሚያከራየው ልጅ፣ ሁሉም ከዚያች ጥቁር ሳጥን የሚያገኙት ነገር አለ። እኛ ክፍል ውስጥ ይህን «ካፒታል» ስንለው ተምረናል። ባለቤቱ ግን «እንጀራዬ» ነው የሚለው።

መስከረም ሲጠባ ደግሞ ሌላ ነው። የጋሞ ሕዝብ ዮ ማስቃላን ሊያከብር ሲዘጋጅ፣ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ አካባቢ በሽመና የሚተዳደሩትን ጨምሮ በየከተማው ያሉ ልጆች ወደ ቤተሰቦቻቸው ይመለሳሉ። ባዶ እጅ መምጣት ነውር ነው። ቴሌቪዥንና ሆም ቴአትር አውቶቡስ ጣራ ላይ ታስሮ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። መንገዱ ሲያንገጫግጨው ከባዱ ትራንስፎርመር ቦርዱን ይጎትታል፣ ብየዳው በፀጉር ቀጭን ልክ ይሰነጠቃል። ዕቃው አዲስ አበባ ሠርቶ ካምባ ሲደርስ ድምፁ የሚቆራረጠው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው። «ሸወዱኝ!» ከማለት በፊት ይህንንም መጠርጠር ጥሩ ነው።

«አዲስ ግዛ» ማለት ቀላል ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። በባንክ ዋጋ ስናሰላው፣ ውጭ 100 ዶላር የሚሸጥ ዕቃ ቀረጥና ትራንስፖርት ሳይጨመርበት 5,700 ብር አካባቢ የነበረው ከ10,000 ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። «ነጋዴው ድሮም በጥቁር ገበያ ዋጋ ነበር የሚያሰላው» የምትሉኝ ትኖራላችሁ፣ ልክ ናችሁ። ቢሆንም አቅጣጫው አንድ ነው። አዲስ ዕቃ ሲወደድ አሮጌውን ማዳን ያዋጣል። ማዳን ሲያዋጣ ደግሞ ያልሠለጠነ እጅም ካውያ ያነሳል። አደጋው የሚመጣው እዚህ ጋ ነው።

ዕቃውን የሚገድለው ምንድን ነው?

ብዙ ሰው «መብራት ሄዶ ነው የተቃጠለው» ይላል። ብዙውን ጊዜ ግን ጉዳቱ የሚደርሰው መብራት ሲመጣ ነው። በዚያች ቅጽበት የሰፈሩ ፍሪጅ፣ ምጣድ፣ ወፍጮ፣ ሁሉም አንድ ላይ ይነሳል። ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ይወጣል፣ ይንቀጠቀጣል። ባዶ የነበረው ካፓሲተር ደግሞ ልክ ኃይል ሲያገኝ በአንድ ጊዜ ብዙ ከረንት ይስባል። ደካማው አካል ቀድሞ ይሄዳል፤ ፊውዙ፣ ዳዮዱ ወይም የፓወር ሰፕላዩ ትራንዚስተር።

ከጋሞ ብዙም በማይርቀው የኦሞ ወንዝ ላይ ጊቤ ሦስት 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ተሠርቷል። ይህ ቁጥር ግን እናንተ ሶኬት ላይ ስንት ቮልት እንደሚደርስ አይነግራችሁም። ያንን የሚወስነው የሰፈራችሁ ትራንስፎርመር፣ የመስመሩ ርዝመትና ጎረቤቶቻችሁ በዚያ ሰዓት የለኮሱት ምጣድ ነው።

ስለዚህ በጣም ርካሹ ጥገና ይህ ነው፤ መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ንቀሉ፣ ሲመጣ አምስት አሥር ደቂቃ ጠብቁና ሰኩ። ስታብላይዘር ያለው ሰው፣ መብራት ከመጣ በኋላ ትንሽ ቆይቶ የሚያበራ ዓይነቱን ቢይዝ ይመረጣል። ክረምት ላይ መብረቅ ሲጀምር ደግሞ ሶኬቱን ብቻ ሳይሆን ከዲሹ የሚመጣውን ኬብልም ንቀሉ። ጣራ ላይ ያለው ዲሽ ከሪሲቨሩ፣ ሪሲቨሩም ከሆም ቴአትሩ ጋር በሽቦ የተያያዘ ነውና።

ሳትከፍቱ የምትሠሩት

ድምፅ ጠፋ ተብሎ ወደ ጥገና ቤት ከሚሄደው ዕቃ ውስጥ ጨርሶ ያልተበላሸ አለ። ስለዚህ በቅደም ተከተል ሂዱ።

መጀመሪያ ምንጩን ቀይሩ። በቴሌቪዥን የማይሰማ ከሆነ በብሉቱዝ ስልካችሁን አገናኙ። በስልክ ከሠራ ማጉያው ደህና ነው፤ ችግሩ ኬብሉ፣ የቴሌቪዥኑ የድምፅ ሴቲንግ ወይም በሪሞት የተመረጠው ኢንፑት ነው።

ሁለተኛ፣ አንዱ ስፒከር ብቻ ዝም ካለ ዕቃውን አጥፍታችሁ፣ ሶኬቱንም ነቅላችሁ ከሚሠራው ስፒከር ጋር ቦታ አቀያይሩት። ዝምታው ከስፒከሩ ጋር ከሄደ ስፒከሩ ወይም ሽቦው ነው። እዚያው ቦታ ከቀረ ችግሩ ዋናው ሳጥን ውስጥ ነው። ስፒከሩን ለብቻው መሞከር ከፈለጋችሁ፣ ከሳጥኑ የተለየውን ሽቦ 1.5 ቮልት ባለው የሪሞት ባትሪ ለቅጽበት ነካ አድርጉት። «ጠቅ» የሚል ድምፅ ካሰማ ጥቅልሉ አልተቆረጠም። ቴስተር ያላችሁ ደግሞ ኦሙን ለኩ። ጀርባው ላይ 4 ኦም የተጻፈበት ስፒከር በቴስተር ትንሽ ዝቅ ብሎ ቢያሳይ ጤነኛ ነው። ምንም ካላነበበ ተቆርጧል።

ሦስተኛ፣ አቧራ። በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ የአየር መግቢያዎቹን ጥረጉ። እርጥብ ጨርቅ አታስጠጉ። ሳጥኑን ግድግዳ ላይ አታጣብቁት፣ ላዩ ላይ ዳንቴል አታልብሱት። ዳንቴሉ ለእናታችሁ ያምር ይሆናል፣ ማጉያው ግን የሚተነፍሰው በዚያ ቀዳዳ ነው።

አራተኛ፣ ስፒከር በዘፈቀደ አትጨምሩ። ኳስ ቤት ውስጥ በጣም የተለመደው ጥፋት ይህ ነው። ሁለት ባለ 4 ኦም ስፒከሮችን አንድ መውጫ ላይ ጎን ለጎን ስትቀጥሉ ማጉያው የሚያየው 2 ኦም ነው። በተመሳሳይ ቮልቴጅ ሁለት እጥፍ ከረንት ይሰጣል ማለት ነው። ለመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ቤቱ ይደምቃል፣ ከዚያ የማጉያው አይሲ ይነዳል። አዳራሹ ቢሰፋም ሳጥኑ ያው ሳጥን ነው።

እስካሁን አንድም ብሎን አልፈታንም። የእኛ ሥራ እዚህ ጋ ያልቃል።

የሞተው ነው የሚገድለው

ካምባ ውስጥ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ቤት በረንዳ ላይ ግማሽ ቀን ተቀምጬ ነበር። ሱቁ ጠባብ ናት፤ ጣራ ድረስ የተቆለለ ቴሌቪዥን፣ ሪሲቨር፣ ሆድቃው የወጣ ቴፕ። ባለሙያው በሃምሳዎቹ ዕድሜ ያሉ ሰው ናቸው፣ አጠገባቸው ሥራ የሚለማመድ አንድ ልጅ አለ። አንድ ኳስ ቤት ያለው ሰው ቅዳሜ ከሰዓት የሚደርስለት እንደሆነ እየጠየቀ ሆም ቴአትሩን አስቀምጦ ሄደ። አይበራም። ልጁ ክዳኑን ፈታ፣ ቦርዱን በሁለት እጁ ሊያወጣ ጎንበስ አለ።

«እጅህን!» አሉት።

ልጁ እጁን ሰበሰበ። ቴስተሩን አንስተው የትልቁን ካፓሲተር ሁለት እግሮች ለኩ። ወደ 290 ቮልት። ዕቃው ከሶኬት ከተነቀለ ግን ቢያንስ ሩብ ሰዓት ሆኖታል።

«ጋሼ፣ ተነቅሎ አይደል እንዴ? እንዴት እስካሁን ቆየ?» አልኳቸው።

«የሚሠራ ቢሆን ኖሮማ ራሱ ይጨርሰው ነበር ልጄ» አሉኝ። «ይሄ ሞቷል። የሚበላለት የለም፣ ስለዚህ ይዞት ይቀመጣል። የሞተውን ነው መፍራት።»

ከሰማሁት ሁሉ ይህ ነው የበለጠ የገባኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። አሁን የምንገዛቸው ቀለል ያሉ ሆም ቴአትሮች ውስጥ ከግድግዳ የሚመጣው 220 ቮልት መጀመሪያ በዳዮዶች ወደ ቀጥታ ከረንት ይቀየርና አንድ ትልቅ ካፓሲተር ውስጥ ይጠራቀማል። 220 የምንለው አማካይ መለኪያ ነው፤ ሞገዱ ጫፍ ላይ ሲደርስ በ1.414 ተባዝቶ 311 ይሆናል። ካፓሲተሩ የሚሞላው እስከ ጫፉ ነው። ዕቃው ጤነኛ ከሆነ ሲነቀል ቀሪውን ኃይል በጥቂት ጊዜ ተጠቅሞ ይጨርሰዋል። ፊውዙ ደህና ሆኖ ከካፓሲተሩ ወዲያ ያለው ክፍል ከተበላሸ ግን ማፍሰሻ አያገኝም። ለደቂቃዎች፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይዞት ይቆያል። ማለትም በጣም አደገኛው ዕቃ ተበላሽቷል ተብሎ የሚከፈተው ዕቃ ራሱ ነው።

ባለሙያው ቀጥለው ያደረጉት በፊልም እንደምናየው ካፓሲተሩን በካቻቢቴ ማገናኘት አይደለም። በዚያ መንገድ ብልጭታው ዓይን ያቃጥላል፣ ቦርዱንም ይጎዳል። እሳቸው ያነሱት ሽቦዎቹ በፕላስቲክ የተሸፈኑ፣ 2,000 ኦምና 10 ዋት የሆነ ሬዚስተር ነው። ሁለቱን ጫፎች ካፓሲተሩ እግሮች ላይ ለጥቂት ሰከንድ ያዙ፣ መልሰው ለኩ፣ ዜሮ መቅረቡን ለልጁ አሳዩት። «ለካ፣ አፍስስ፣ መልሰህ ለካ» አሉት። ልጁም ደገመው።

ከዚያ ፊውዙን አዩ። ልብ በሉ፣ ፊውዝ ያለ ምክንያት አይቆረጥም። ተቆርጦ ከተገኘ ከኋላው የተገናኘ ነገር ሊኖር ይችላል። በሌላ ተመሳሳይ ፊውዝ ተቀይሮ ወዲያው ደግሞ ከተቆረጠ ማቆም ነው። በሲጋራ ወረቀት ወይም በሽቦ ጥቅልል መተካት የእሳት መከላከያውን አውጥቶ እሳቱን ቤት ማስገባት ነው። ፊውዙ ላይ 2 አምፔር ከተባለ 2 አምፔር ብቻ።

ቦርዱ ተሠርቶ ሲያልቅም ቀጥታ ሶኬት ላይ አልሰኩትም። የድሮውን ባለ ክር አምፖል በመስመሩ መሀል በተከታታይ አስገቡት። ኤልኢዲ ለዚህ አይሆንም። ውስጡ አሁንም የተገናኘ ነገር ካለ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይቀራል፣ ዕቃው ግን አይፈነዳም። ጤነኛ ከሆነ ቦግ ይልና ይደበዝዛል። ደበዘዘ። የልጁ ፊት ግን በራ።

ዩቲዩቡስ?

ዩቲዩብ መጥፎ ነው አልልም። ያ ልጅም ብዙ የተማረው ከዚያ ነው። ግን ቪዲዮው ከየት አገር እንደሆነ እዩ። አሜሪካ ውስጥ የቤት ኤሌክትሪክ 120 ቮልት ነው፤ ጫፉ 170 ገደማ ይደርሳል። የእኛ 311 ነው። ካፓሲተር የሚይዘው ኃይል ደግሞ ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር ነው የሚያድገው። ካፓሲተሩ አንድ ዓይነት ቢሆን እንኳ የእኛው ከሦስት እጥፍ በላይ ኃይል ይይዛል። ስለዚህ እዚያ «ትንሽ ነዘረኝ» ብሎ የሚስቀው ሰውዬ እናንተን አያውቃችሁም። በዚህ መጠን የሚመጣ ንዝረት ጣት ያቃጥላል፣ እጅ ያስወረውራል፣ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው በደረት በኩል ካለፈ ልብንም ሊያውክ ይችላል። ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች ኃይል ያለበትን ቦርድ ሲለኩ አንድ እጃቸውን ኪስ የሚከቱት ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰው ኤሌክትሪክ ሲይዘው ካያችሁ በእጃችሁ አትጎትቱት። መጀመሪያ ብሬከሩን አጥፉ፣ ከዚያ ነው መንካት። ማታ ብቻችሁን ቤት ዘግታችሁ ዕቃ አትክፈቱ የሚባለውም ብሬከሩን የሚያጠፋ ሌላ ሰው ስለሚያስፈልግ ነው።

ለጠጋኛችሁ የምታቀርቧቸው ጥያቄዎች

ወደ ትምህርቴ ልመለስ። ጆርጅ አከርሎፍ የሚባል ኢኮኖሚስት በ1970 እ.ኤ.አ. ስለ አሮጌ መኪና ገበያ አንድ ጽሑፍ አሳተመ፤ በኋላም በ2001 የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሻጩ የሚያውቀውን ገዥው ካላወቀ፣ ጥሩውና መጥፎው በአንድ ዋጋ ይሸጣል፤ ጥሩው ተሰላችቶ ከገበያ ይወጣል።

የጥገና ገበያም እንደዚሁ ነው። ሬዚስተር ይዞ፣ ለክቶ፣ በአምፖል ሞክሮ የሚሠራው ሰው ጊዜ ይፈጅበታል። ፊውዙን በሽቦ ተክቶ በአሥር ደቂቃ የሚመልሰው ዋጋው ይቀንሳል። ለእናንተ ሁለቱም ዕቃ እኩል ይጮኻል። ልዩነቱ የሚታየው ከወር በኋላ ወይም ቤቱ ጭስ ጭስ ሲል ነው። ርካሹን ብቻ ስንመርጥ ጠንቃቃውን ከገበያ የምናስወጣው እኛው ነን። ስለዚህ ጠይቁ።

አንደኛ፣ «ምንድን ነው የተቃጠለው? ስንትስ ይፈጃል?» ይህን ሥራው ከመጀመሩ በፊት ስሙ።

ሁለተኛ፣ «የወጣውን አሮጌ ዕቃ ስጠኝ።» በእጃችሁ ያዙት። አናቱ ያበጠ ካፓሲተር ወይም የተሰነጠቀ አይሲ በዓይን ይታያል።

ሦስተኛ፣ «የተተካው መጠኑ አንድ ነው?» የፊውዙ አምፔር እኩል መሆን አለበት። የካፓሲተሩ ማይክሮፋራድ ተመሳሳይ፣ ቮልቱ ደግሞ ከቀድሞው ያላነሰ። ባለ 400 ቮልቱን አውጥቶ ባለ 250 ማስገባት ቦምብ መቅበር ነው።

አራተኛ፣ «እዚሁ ፊቴ ላይ ግማሽ ሰዓት ይጫወት።» ብዙ ችግር የሚወጣው ዕቃው ሲሞቅ ነው።

በእነዚህ ጥያቄዎች ጥሩ ባለሙያ አይቆጣም። የካምባው ሰውዬ አሮጌውን ትራንዚስተር ሳይጠየቁ በወረቀት ጠቅልለው ዕቃው ላይ አስረውት ነበር።

ስልክ ላይ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ፣ ጥገና መማር የምትፈልጉ ልጆች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ግቡበት፣ ሥራ ነው፤ ዕቃ በተወደደበት አገር ደግሞ የሚፈለግ ሥራ ነው። ግን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይባላል። ከካውያው በፊት ቴስተር ግዙ፣ ከቴስተሩ ጋር አንድ ባለ 10 ዋት ሬዚስተር። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ መግባት ከቻላችሁ ግቡ፤ ካልቻላችሁ «እጅህን!» የሚል ሰው ያለበት ሱቅ ፈልጉ።

ሌሎቻችን ደግሞ ቅዳሜ ስለደረሰ ብለን ባለሙያውን አናስቸኩል። ጨዋታው አንድ ሳምንት ያለ ድምፅ ቢታይ ማንም አይሞትም።